«ል»ን «ለ» ያደረገው ሞኒተር

የምሠራበት ቢሮ ሰነድ ይታረምበታል። ውል በሉት፣ መመሪያ በሉት፣ ሪፖርት በሉት፣ ከመውጣቱ በፊት በአራሚዎቻችን ዓይን ያልፋል። የኔ ድርሻ ኮምፒውተሮቹን መንከባከብ ነው።

አንድ ጊዜ ለአራሚዎቹ አዳዲስ ሞኒተሮች ተገዙ። 32 ኢንች፣ ሰፋፊ፣ ለመጠናቸው ደግሞ ርካሽ። ሁሉም ደስ አለው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ውል ከደንበኛ ተመልሶ መጣ። «ገዢው ይመልሳል» መባል የነበረበት ቦታ «ይመለሳል» ይላል። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም አይዛቸውም። የሚይዛቸው ሰው ብቻ ነው። ያንን ገጽ ያነበቡት ደግሞ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ በጥንቃቄያቸው የታወቁ አንጋፋ አራሚ ናቸው።

«ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ ልጄ፣ መነጽሬን ልቀይር ነው» አሉኝ። አነጋገራቸው አንጀቴን በላው።

«ቆይ እትዬ፣ መጀመሪያ ስክሪኑን ልየው» አልኳቸው።

ኬብሉ ምስሉን በዲጂታል የሚያስተላልፈው ኤችዲኤምአይ ነው፣ ደህና። ምስል ሊያደበዝዝ የሚችለው የድሮው ቪጂኤ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነበር። ሪዞሉሽኑም፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸው ነጥቦች ብዛት፣ የሞኒተሩ የራሱ ነው፣ 1920 በ1080። ከራሱ ሪዞሉሽን ውጪ የተስተካከለ ስክሪን ፊደል ማደብዘዙ ስለማይቀር ይህንን ሁሌም አያለሁ። የፊደልን ጠርዝ የሚያስተካክለውን የዊንዶውሱን ክሊርታይፕም ነካካሁት። ትንሽ ተሻሻለ፣ ግን ያው ነው።

ከዚያ ያንኑ ፋይል 14 ኢንች ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ አጠገቡ አስቀመጥኩት። የላፕቶፑም ሪዞሉሽን 1920 በ1080 ነው። እትዬ ላፕቶፑን ገና ከማየታቸው ጣታቸውን ስህተቱ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸው ምንም አልሆነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ስክሪኖች እኩል ፒክስል፣ ማለትም የምስል ነጥብ፣ አላቸው። ላፕቶፑ በ1 ኢንች ውስጥ ወደ 157 ፒክስል ያጭቃል። 32 ኢንቹ ግን ያንኑ ፒክስል በሰፊ ቦታ ስለሚዘረጋው በ1 ኢንች የሚደርሰው 69 አካባቢ ነው። ከግማሽ በታች ማለት ነው። ነጥቦቹ ትልልቅ ይሆናሉ፣ ፊደሉም ይሻክራል።

የስክሪኑን ምስል ቀርጬ አጎላሁት። በ12 ነጥብ መጠን የተጻፈ ፊደል በ100 ፐርሰንት፣ ማለትም ሳይጎላ፣ ሲታይ ዊንዶውስ የሚሰጠው ቁመት 16 ፒክስል ነው፣ ያውም ከላይና ከታች ካለው ክፍት ቦታ ጋር። «ል»ን ከ«ለ» የምትለየው በግራ በኩል ያለች አንዲት ጭረት ናት። ለእሷ የደረሳት አንድ ፒክስል ብቻ ነበር፣ እሱም ግራጫ። የ«ሌ» ቀለበትም ውስጡ ተደፍኖ «ሊ» መስሏል። ላፕቶፑ በ150 ፐርሰንት ስለተስተካከለ ያው ፊደል 24 ፒክስል አግኝቷል፤ ጭረቷም ጥቁር ሆና ቁጭ ብላለች። ከ200 በላይ ሆነው በጭረትና በቀለበት ለሚለያዩት ፊደሎቻችን ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለ ሞኒተር የሚሰጠው ምክር አብዛኛው በላቲን ፊደል የተሞከረ ስለሆነ፣ «ይበቃል» የተባለው ሁሉ ለእኛ ይበቃል ማለት አይደለም።

ለኃላፊያችን ሁለቱን ስክሪኖች ጎን ለጎን አሳየኋቸውና የሚገዛውን አብረን መረጥን። 27 ኢንች ሆኖ 1920 በ1080 የሆነው በ1 ኢንች 82 ፒክስል ገደማ ስለሚሆን ወዲያው ተውነው። 27 ኢንች በ2560 በ1440 ወደ 109 ይደርሳል፤ ለብዙ ሰው ጥሩ መሀል ቤት ነው። 27 ኢንች 4ኬ፣ ማለትም 3840 በ2160፣ 163 አካባቢ ነው። ለአራሚዎቹ የወሰድነው እሱን ነው። ገንዘቡ እንዲበቃ ሌላውን ሁሉ ቀነስን። የጎበጠ ስክሪን አልፈለግንም። 144 ኸርዝም፣ ማለትም ምስሉን በሴኮንድ 144 ጊዜ ማደስ፣ ለጌም ነው፣ ለንባብ 60 ይበቃል። ብርሃንና ጥላን አጉልቶ ያሳያል የሚባለው ኤችዲአር የሚል ጽሑፍም ቢሆን ፊደል አያጠራም። ከጎን ሲታይ ቀለሙ ብዙም የማይለወጠውን አይፒኤስ ፓነልና ከፍ ዝቅ የሚል መቆሚያ ግን አልተውንም። ቀኑን ሙሉ ለሚያነብ ሰው አንገትም የሥራ መሣሪያ ነው።

4ኬ ገዝተው በ100 ፐርሰንት የሚተዉት ሰዎች ያሳዝኑኛል። ፊደሉ ያንሳል እንጂ አይጠራም። ጥራቱ የሚመጣው 150 ወይም ከዚያ በላይ ሲደረግ ነው።

አዲሶቹ ሲመጡም አንድ ችግር አልጠፋም። በአንደኛው ኮምፒውተር ጥቁሩ ጽሑፍ ጥርት ብሎ፣ የእርማቱ ቀይ ጽሑፍ ግን ዳሩ ተቀባብቷል። የኮምፒውተሩ ኤችዲኤምአይ የድሮው 1.4 ነው። እሱ 4ኬን በሙሉ ቀለም የሚያሳልፈው በ30 ኸርዝ ብቻ ነው። 60 ላይ ለማድረስ የቀለሙ መረጃ ይቀነሳል፤ ቀይ ፊደል ደግሞ ያን ጊዜ ነው የሚበላሸው። በሌላው የምስል ኬብል፣ በዲስፕሌይፖርት፣ ስናገናኘው ወዲያው ጠራ። ሞኒተር ከመግዛት በፊት የኮምፒውተሩን ቀዳዳ ማየት እንደሚገባ አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

32 ኢንቾቹ ስብሰባ ክፍል ገቡ፤ ከሩቅ ሲታዩ ምንም አይላቸውም። በጀቱ ለሁሉም ስላልደረሰ የቀሩት ባልደረቦች በ24 ኢንች 1080 ይሠራሉ። እሱ በ1 ኢንች 92 ገደማ ነው። የመጨረሻውን ንባብ ሲያነቡ ገጹን 150 ፐርሰንት ያጎሉታል። በአንድ ጊዜ የሚታየው መስመር ይቀንሳል፤ «ል» ግን «ል» ሆኖ ይታያል።