የአሚኮን ታሪክ ስጽፍ የተማርኩት

ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ የመረጥኩት ባሕር ዳር ያለውን የአሚኮን (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንን) ታሪክ ነበር። ባሕር ዳር ስላደግኩ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። አልሆነም።

መጀመሪያ የተሸወድኩት በስሙ ነው። አሚኮ ብዬ ስፈልግ የማገኘው የቅርቡን ብቻ ነው። ጣቢያው ግን ከዚያ በፊት አብመድ (የአማራ ብዙኃን መገናኛ ድርጅት) ነበር፤ ከዚያም በፊት የአማራ ብዙኃን መገናኛ ኤጀንሲ። በሦስቱም ስም ስፈልግ የማገኘው ወረቀት በዛ። የድርጅት ታሪክ የምትጽፉ ከሆነ የቀድሞ ስሞቹን ገና ከጅምሩ መዝግቡ።

ሁለተኛው ስህተት የባሰ ነበር። የጣቢያው መነሻ ቴሌቪዥን ሳይሆን በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም የወጣችው በኩር ጋዜጣ ናት፤ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ ኋላ ነው የመጡት። እኔ ግን አንድ ጽሑፍ ላይ «1994» የሚል አይቼ በእኛ አቆጣጠር ወሰድኩትና በኩርን 7 ዓመት አዘገየኋት፣ በዚያ ላይ የቆመው ምዕራፍ በሙሉ ፈረሰ። የሁለት ሳምንት ልፋት ገደል ገባ። አሁን ዓመት ስመዘግብ ወሩንም እይዛለሁ፤ ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ ወዲህ 8።

ከወረቀቱ ይልቅ የጠቀሙኝ ሰዎች ናቸው። ጣቢያው የራሱን ቻናል ከመክፈቱ በፊት ዝግጅቱ የሚተላለፈው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የአየር ሰዓት ወስዶ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ወሬ ያለው እነሱ ጋ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ ካሜራማን ቤት ሄድኩ። «ጋሼ፣ መቼ ነበር?» ስላቸው «ዓመተ ምሕረቱን ተወኝ ልጄ» አሉኝ። ቡና እየጠጣን ግን የመጀመሪያ ልጃቸው ክርስትና የተነሳች ለት ቀረጻ ላይ እንደነበሩ ነገሩኝ። ባለቤታቸው ጓዳ ገብተው ፎቶውን ይዘው መጡ፤ ከጀርባው ቀኑ ተጽፏል! ከዚያ በኋላ ማንንም «መቼ?» ብዬ አልጠየቅኩም። የት ተከራይተው ይኖሩ እንደነበር፣ ልጆቻቸው ስንተኛ ክፍል እንደነበሩ ነው የምጠይቀው።

አንድ ነገር ይቆጨኛል። ጣቢያው በአዊኛ፣ በኽምጥኛና በኦሮምኛም ያስተላልፋል፤ እኔ ግን ያነጋገርኩት የአማርኛውን ክፍል ሰዎች ብቻ ነው። መመረቂያው አልቆ ገብቷል፣ ታሪኩ ግን ጎዶሎ ነው። አሁን ከአንድ የሰቆጣ ልጅ ጓደኛዬ ጋር የኽምጥኛውን ክፍል ሰዎች ማነጋገር ጀምረናል፤ እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እቀዳለሁ።