ያው ሕዝብ ነው

ዛሬ የእድር ስብሰባ ነበረን። አምና «እርስዎ ባይኖሩ ይህ እድር ምን ይውጠው ነበር!» ተብለው፣ ካባ ለብሰው በእልልታ የተመረጡት ሰብሳቢያችን ዛሬ ንግግራቸውን እንኳ አልጨረሱም። ጥፋታቸው? የወር መዋጮ ትንሽ ከፍ ይበል ማለታቸው። በቃ። «ይውረዱ!» ተባለ። (ካባውን ይመልሱ ያለ የለም፤ እሱም ደግ ነው።)

ቤት ስገባ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን ከፈትኩ። ልስጥራን በምትባል ከተማ ጳውሎስ ሽባውን ሲያስነሳ ሕዝቡ «አማልክት ወደ እኛ ወርደዋል» ብሎ ጮኸ። አብሮት የነበረውን በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን አሉት፤ ሁለቱም የግሪክ አማልክት ስም ነው። ኮርማ ሊሠዉላቸው ሲሉ ሁለቱ ልብሳቸውን ቀደው በስንት መከራ አስተዋቸው። ከዚያ ከአንጾኪያና ከኢቆንዮን የመጡ ሰዎች ወሬ ሲያቀብሉት፣ ያው ሕዝብ ጳውሎስን በድንጋይ ወገረው። የሞተ መስሏቸው ከከተማ ውጭ ጎትተው ጣሉት። ኋላ፣ ምዕራፍ 28 ላይ፣ በመላጥያ (ማልታ) ደሴት ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፦ እፉኝት ጳውሎስ እጅ ላይ ስትጣበቅ «ነፍሰ ገዳይ ነው»፣ ምንም ሳይሆን ሲቀር «አምላክ ነው»። አማካይ የለም።

የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ከውግራቱ በኋላ ጳውሎስ ደርቤን ወደምትባል ከተማ ሄዶ ሰብኮ ሲመለስ በዚያችው በልስጥራን በኩል መጣ፤ ደቀ መዛሙርቱን ሊያጸና። እኔ ብሆን መንገድ እቀይር ነበር።