በሩ ለምን ተነቀለ?

ገምጋሚው በር የሌለውን ሽንት ቤት አየና ቅጹ ላይ «የተበላሸ» የሚለውን ምልክት አደረገበት። ከሥሩ «ምክንያት» የሚል ሳጥን አለ። «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ሞላው። የቤቱን ባለቤት አላናገረም። ቀጥሎ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ፤ እዚያም በር የለም፤ እዚያም ያንኑ ጻፈ።

ጊዜው ቆይቷል፤ ግን ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል።

የምህንድስና መምህር ነኝ። ምርምሬ በገጠር ውኃና መጸዳጃ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ ሥራዬ አንድ የመጸዳጃ ፕሮጀክት የሠራቸው ሽንት ቤቶች ለምን በደንብ እንደማያገለግሉ ማጥናት ነበር። ገምጋሚው ደግሞ ገንዘብ ሰጪው የላከው ሰው ነው።

ሽንት ቤቶቹ ቪአይፒ የምንላቸው ናቸው፤ ስሙ በእንግሊዝኛ «አየር የሚወጣበት የተሻሻለ የጉድጓድ ሽንት ቤት» የሚለው አሕጽሮት ነው። ፒተር ሞርጋንና የብሌር ምርምር ላቦራቶሪ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር የሠሩት ዓይነት ነው። ዘዴው ድንቅ ነው። ነፋስ በረጅሙ ቱቦ አናት ላይ ሲያልፍ ከጉድጓዱ አየር ይስባል፤ ሽታው በቱቦው ይወጣል። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ዝንብ ደግሞ ብርሃን ፍለጋ በቱቦው ሽቅብ ይበርራል፤ አናቱ ላይ ያለው ወንፊት ይይዘውና እዚያው ይሞታል። ይህ እንዲሆን ግን ክፍሉ መጨለም አለበት። በሩ ከተነቀለ ዝንቡ በመቀመጫው ቀዳዳ ይመለሳል። ስለዚህ «የተበላሸ» ማለቱ በከፊል ትክክል ነው። ያናደደኝ ሁለተኛው ሳጥን ነው።

ተመልሼ አንዷን አያት ጠየቅኳቸው።

«እናቴ፣ በሩን ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኛ።»

«ለምን?»

መልስ አልሰጡኝም። እጄን ይዘው በሩ ወዳልተነቀለ ወደ ጎረቤት ሽንት ቤት ወሰዱኝ። «ግባና ዝጋው» አሉኝ። ገባሁ፤ ዘጋሁት።

«ቀዳዳው ይታይሃል?» አሉ ከውጭ።

«አይታየኝም።»

«የአምስት ዓመት ልጅ ታዲያ እግሩን የት ያሳርፍ?»

ስወጣ ቀጠሉ። የልጅ ልጃቸው እገባለሁ ብሎ አንድ እግሩ ወደ ቀዳዳው ገብቶበታል። ከዚያ ወዲያ ሞቼ እገኛለሁ አለ፤ ጓሮ መቀመጥ ጀመረ። «በሩን ስነቅለው ገባ። አሁን ዝንብ አለ፣ አውቃለሁ። ልጁ ጓሮ ከሚወጣ ዝንቡን ብችለው አይሻልም፣ ልጄ?»

ይሻላል። እኔም ብሆን ያንኑ እመርጥ ነበር። ሜዳ ላይ የቀረ ዓይነ ምድር በእጅ፣ በእግር፣ በውኃ ተመልሶ ልጆቹ አፍ ይገባል። እኚህ ሴት ሁለት ጉዳቶችን አመዛዝነው ትንሹን መርጠዋል። እኛ ተማሪዎቻችንን ዓመታት የምናስተምረው ይህንኑ ነው። በቅጹ ላይ ግን ግንዛቤ የሌላቸው ተብለው ተመዘገቡ።

ደግሞ መፍትሔው አዲስ ነገር አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ የቪአይፒ ንድፎች መካከል በር የሌላቸው አሉ። ግድግዳው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይዞራል፤ ከውጭ አይታይም፣ ውስጡ ደብዘዝ ይላል እንጂ ድቅድቅ አይሆንም። ለልጆች ደግሞ እግር የማያስገባ ጠባብ ቀዳዳ መሥራት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ለገምጋሚው ነገርኩት። በትሕትና አዳመጠኝ። ከዚያ «ፕሮፌሰር፣ እውነትዎን ነው። ግን ይህን የማስገባበት ሳጥን የለኝም» አለኝ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ለማለት እገደዳለሁ። ቅጹ የሚጠይቀው ስለ ቤቱ ነው፤ ስለ ልጁ አይጠይቅም። በብዙ አገር የሚደረጉት ትልልቅ የቤት ለቤት ጥናቶችም ጥያቄያቸው «የቤተሰቡ አባላት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ምን ዓይነት መጸዳጃ ነው?» የሚል ነው። አንድ ሰው ለሁሉም ይመልሳል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 419 ሚሊዮን ሰዎች ሜዳ ላይ ይጸዳዳሉ ያሉት በአብዛኛው ከእንዲህ ያለ መረጃ ተነሥተው ነው። በሩ ሳይነቀል በፊት ያ ልጅ ጓሮ ሲወጣ ቤተሰቡ «መጸዳጃ ይጠቀማል» ተብሎ ይቆጠራል ማለት ነው።

ሪፖርቱ ወጣ። የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ተፈቀደ፤ የንድፍ ለውጥ አልተፈቀደም። አያትየዋ ሥልጠናውን ቁጭ ብለው ተከታተሉ፤ በሩን ግን አልመለሱም። እኔም መልሱ አላልኳቸውም።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ መስክ ሲወጡ እያንዳንዱን የቤተሰብ አባል ለየብቻ ይጠይቃሉ፤ ልጆቹንም ጭምር። ሥራው ይረዝማል፤ በጀት ሲጠየቅም ሁልጊዜ ያጨቃጭቀናል። ፕሮጀክቱ ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር ዙሪያ ጥምጥም ግድግዳውን ነድፌ፣ የብሎኬቱን ሒሳብ አያይዤ ላክሁ። የተሠራው ግን ባለ በሩ ነው።