የቼዝ መተግበሪያዬ ዋጋ ጨመረ

ዛሬ ጠዋት ቡናዬን ሳልጨርስ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፦ የቼዝ መተግበሪያዬ ዓመታዊ ክፍያ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይጨምራል። በዶላር ሲታይ ጭማሪው ያን ያህል አይደለም። ግን ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ አሁን የድሮው ዋጋ ራሱ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚያ ላይ ካርዱ የእኔ አይደለም፤ የሚከፍልልኝ ሜሪላንድ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው። "ወንድም ጋሼ፣ ለጨዋታ ዶላር ጨምርልኝ" ብሎ መጻፍ ደግሞ እንዴት ይከብዳል!

ከሥራ መልስ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። የምከፍለው ለምንድን ነው? ጨዋታው ካለቀ በኋላ የት እንደተሳሳትኩ ለሚያሳየኝ ትንታኔ። ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ይህንኑ በነጻ ይሰጣል፤ ማስታወቂያም የለው፣ የሚኖረው በሰው መዋጮ ነው። ማታ ሞከርኩት። 12ኛው እርምጃ ላይ ፈረሴን በከንቱ ማስበላቴን ወዲያው ነገረኝ። (ይህን ስድብ ለመስማት ነው እንግዲህ በዶላር ስከፍል የኖርኩት።) የሚቀርብኝ የቪዲዮ ትምህርቱ ነው፤ እሱንም እውነቱን ለመናገር ከገና ወዲህ ከፍቼው አላውቅም።

"ጋሼ፣ ዘንድሮ አትክፈል" ብዬ ጻፍኩለት።

"ተመስገን" አለኝ።