መታጠፊያው ላይ ያለው ድንጋይ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆድ ብሶኝ ዋለ። ለምን ብትሉኝ ይሄ ነው የምለው የለኝም። ክረምቱ አልወጣ፣ ጭቃው አልደረቀ። ታናሿ እህቴ ደግሞ ወሯ ገብቷል። በየሰዓቱ እደውልላታለሁ፣ እሷው መልሳ እኔን ታጽናናኛለች።

ወደ ማታ ቤት መቀመጥ አቃተኝና ወደ ሐይቁ ወጣሁ። ነፋሱ ጥሩ ነበር። ስለ ጣና ምሽት የሆነ ነገር ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር። ድንገት አምቡላንስ እየጮኸ መጣ። ዘንባባ በተተከለበት ሰፊ መንገድ ላይ ባጃጆቹ ሁሉ ጥግ ጥጋቸውን ያዙለት። አንዲት እናት ቆመው "እግዜር ይድረስለት" አሉ። ሽው ብሎ አለፈ። የኔ ሐሳብ ግን አብሮት ሄደ። አስፋልቱን ሲለቅስ? የት ጋ ይሆን የሚታጠፈው?

ባሕር ዳር በዋና ዋና መንገዶቿ አትታማም። በንጉሡ ዘመን ጀርመናዊ ባለሙያዎች ፕላን የነደፉላት ከተማ ናት። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ ደግሞ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። ታናሿ የምትኖረው ዓባይ ማዶ ነው። መኪናው ከተማውን አቋርጦ፣ በዚያ ድልድይ ተሻግሮ በደቂቃዎች እሷ ሰፈር ይደርሳል። ከዚያ አስፋልቱ ያልቃል። ኮብልስቶኑ ይቀጥላል። ኮብልስቶኑም ያልቅና ግራና ቀኝ አጥር ያለበት ቅያስ ይመጣል። ሰው የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው።

አምቡላንሱ ላንድክሩዘር ስለሆነ እንደምንም ይገባል። የእሳት አደጋው መኪና ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ባለፈው በጋ እሷ ሰፈር የአንድ ሰው ማድ ቤት ተቃጥሎ ነበር። መኪናው ቶሎ መጣ፣ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ችግሩ የቅያሱ መታጠፊያ ጋ ነበር። ጥጉ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ትልቅ ድንጋይ አለ። ከማዶው ደግሞ በኮንክሪት ክዳን የተሸፈነ የጎርፍ ቦይ። ሾፌሩ ገባ፣ ቆመ፣ ወደኋላ መለሰ፣ እንደገና ገባ። አንድ ልጅ ከፊት ሆኖ "ና! ና! ና!" እያለ በእጁ ይጠራዋል። ከኋላ ያለው ሰው ደግሞ "ቁም!" ይላል። የፊት ጎማው ክዳኑ ላይ ሲወጣ ኮንክሪቱ መሃሉን ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ሾፌሩ ወርዶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ቱቦ ተዘርግቶ፣ ጎረቤት በባልዲ ተቀባብሎ እሳቱ ጠፋ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ማድ ቤቱ ግን ዶግ አመድ ሆነ።

እዚያ ሰፈር ዕድሜያቸውን በሙሉ ቦቴ ሲነዱ የኖሩ ጋሼ አሉ። ያኔ አጠገቤ ቆመው "ልጄ፣ የፊቱን አትይ፣ የኋላውን እይ" አሉኝ። ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ስለዚህ የፊቱ በሰላም ያለፈበትን ጥግ የኋላው ይመታዋል። ሾፌሩ ይህን ለማምለጥ አፍንጫውን አርቆ፣ ወደ ማዶው ገፋ አድርጎ ነው የሚታጠፈው። ማዶው ላይ ቦይ ካለስ? አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ጥግ ጥግ ብቻ ነው የሚያየው። ባጃጅ 1.3 ሜትር ገደማ ትሰፋለች፣ በ3 ሜትር ራዲየስ ውስጥ ዞራ ትመለሳለች። የእሳት አደጋ መኪና አካሉ ብቻ 2.5 ሜትር ያህል ነው፣ መስታወቱ ሲጨመር ወደ 3 ይጠጋል። ውኃውም ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ 5,000 ሊትር ማለት 5 ቶን ነው። የእንግሊዝ መመሪያ ለዚህ መኪና ቢያንስ 3.7 ሜትር የሚሰፋ፣ 12.5 ቶን የሚሸከም መንገድ ይጠይቃል። ለመዞር ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 16.8 ሜትር የሆነ ክብ። አሜሪካኖቹ ስፋቱን ወደ 6 ሜትር ያደርሱታል። የእንግሊዙ መመሪያ ሌላም ነገር ይላል። መኪናው ከ20 ሜትር በላይ ወደኋላ እንዲነዳ መገደድ የለበትም። 20 ሜትር! የታናሿ ቅያስ መውጫ የለውም። ርዝመቱን ለክቼው አላውቅም፣ ግን ከጫፍ ጫፍ ሰው ጠርቶ ማሰማት አይቻልም።

እኛ አጥር ስናጥር መሃሉን ነው የምናየው። መኪና ያሳልፋል? ያሳልፋል፣ በቃ። ቅያሱ ውስጥ ዘወትር የሚመላለሰው ባጃጅ ስለሆነ ጥጎቻችን ሁሉ በባጃጅ ልክ ተሰፍተዋል። ትልቁ መኪና የሚመጣው ከስንት ጊዜ አንዴ ነው። የሚመጣበት ቀን ግን ከሁሉም የከፋው ቀን ነው።

በዚያ ላይ ድንኳኑ አለ። ሠርግም ሆነ ለቅሶ ቅያሱን ዘግተን ነው የምንተክለው። ይህን ክፉ ነው ብዬ አልናገርም፤ ሐዘንተኛን ሜዳ ላይ አስቀምጡት ማለት አልችልም። ነገር ግን መውጫ በሌለው ቅያስ አፍ ላይ ከሚተከል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቢተከል ምን ይጎድላል? ለግንባታ የተደፋውም አሸዋ እንደዚያው ነው። ሲኖትራኩ ገልብጦት ይሄዳል፣ አሸዋው ወር ይከርማል።

ታዲያ መንገዱ ሁሉ ይስፋ? በዚህ አልስማማም። ሰፊ ቅያስ ውስጥ ባጃጅ እንዴት እንደሚከንፍ እናውቃለን። ልጆቹ የሚጫወቱት እዚያው ነው። ሌላው ዓለም ሁሉን መንገድ አፍርሶ አልሰፋም። ጃፓኖች ለጠባብ ሰፈራቸው ትንንሽ የእሳት አደጋ መኪና ሠርተዋል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ረጅሙን ባለ መሰላል መኪና ሁለት ሰው ነው የሚነዳው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ተቀምጦ የኋላውን ጎማ ለብቻው ያዞራል። እኔን በጣም የገረመኝ ግን ቀላሉ ዘዴ ነው። በአንዳንድ አገር ጥጉን ሰያፍ ይቆርጡትና የተቆረጠውን ቦታ በድንጋይ ትንሽ ከፍ አድርገው ያነጥፉታል። ትንሹ መኪና ስለሚያንገጫግጨው ይሸሸዋል፣ ዝግ ብሎም ይታጠፋል። ትልቁ ግን በኋላ ጎማው ረግጦት ያልፋል። ይህ ለእኛ ምን ይከብዳል? ኮብልስቶን ጠርቦ የሚያነጥፍ ልጅ በየሰፈሩ አለ። የሚያስፈልገው ከአንድ ግቢ ጥግ አንድ ሁለት ሜትር፣ ከማዶው ደግሞ ቶን የሚችል የቦይ ክዳን ነው።

አንድ ሁለት ሜትሩ ግን የሰው ነው። የጥጉ ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው እትዬ ናቸው። ድንጋዩን ያስቀመጡት ለክፋት አይደለም። አሸዋ የጫነ መኪና ሁለት ጊዜ አጥራቸውን ደርምሶ ሄዷል፣ የካሳቸው የለም። በራሳቸው ገንዘብ አስጠግነው፣ ሦስተኛ እንዳይመጣባቸው ጎትተው አቆሙት። እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ለታናሿ ደግሞ እንደ እናት ናቸው። አጥሚቱን ከአሁኑ እያዘጋጁላት ነው።

ነገ ልጠይቃት ስሄድ ላነጋግራቸው አስቤያለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። አጥርዎን ገባ ያድርጉ ማለት ቀላል ነው፣ ወጪውን ማን ይሸፍን? ማዘጋጃ ቤት እስኪመጣ ይጠበቅ? ወይስ ሰፈሩ ያዋጣ? ዕድሩ ድንኳንና ወንበር የሚገዛበት ገንዘብ አለው፤ ለአጥር ጥግ አውጡ ቢባል አባላቱ እሺ ይላሉ? እናንተ ሰፈር ተስማምታችሁ እንዲህ ያለ ጥግ ያስቆረጣችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። መጀመሪያ ያናገራችሁት ማንን ነው?