ጾሙን ይዘን ባህር ወረድን

እማዬ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን የመጣችው ጥር ላይ ነበር። የምንኖርባት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ በብርድ ተቀበለቻት። ሁለት ወር ሙሉ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ብቻ። አንድ ቀን መስኮት ላይ ቆማ «እዚህ አገር ሰው የት ነው የሚውለው?» አለችኝ። ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ ልጆቹ ለስፕሪንግ ብሬክ፣ ለጸደይ የትምህርት ቤት እረፍት ሲወጡ፣ ባህር ዳር ወዳለችው ኦሽን ሲቲ እንሂድ አልኳት።

ባለቤቴ አልተዋጠላትም። ምክንያት ነበራት። ከዚያ በፊት ጁላይ ላይ ሄደን ነበር። ሦስት ሰዓት የማይሞላው መንገድ ስድስት ሰዓት ፈጀብን። ሆቴሉ ኢንተርኔት ላይ ካየነው ዋጋ በላይ ይሄን ክፍያ፣ ያን ክፍያ እያለ ደራረበብን። አሸዋው ላይ ምንጣፍ የምንዘረጋበት ቦታ እንኳ አጥተን፣ ደክሞን ተመለስን። በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው። በ2024 የፈረንጆቹ ፋሲካ ማርች 31 ሲውል የእኛው ሜይ 5 ነበር፤ የልጆቹ እረፍት ጾሙ ውስጥ ወደቀ። «ጾም ይዘን እዚያ ምን እንበላለን?» አለች።

ጥያቄዋ ጠቀመኝ። ሁሉን ነገር ከምግቡ ጀምሬ አሰብኩት። ሆቴል ስፈልግ ማድ ቤት ያለው ክፍል ብቻ አየሁ። ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አልከፈልኩም፤ ስልክ ደወልኩና «ታክሱም፣ ሌላውም ተጨምሮ ስወጣ ስንት ነው የምከፍለው?» ብዬ ጠየቅኩ። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ያዝኩ። ጁላይ ላይ ከከፈልነው ግማሽ አይሞላም ነበር። ፊት ለፊት ባህሩን የሚያይ ክፍል በ20 ዶላር ብልጫ አለ ሲሉኝ ያዙልኝ አልኩ። ያቺን 20 ዶላር እንዴት እንደምወዳት በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ባለቤቴ በየዕቃው ሞልታ በበረዶ ሳጥን አደረገችው። እንጀራው በላስቲክ ተጠቀለለ። ቡናውን ቤት ቆልተን ፈጨነው፤ ሆቴል ውስጥ ቡና ቢቆላ የጭሱ ደወል ሕንፃውን በሙሉ ነው የሚያስወጣው። ዕጣኑም ለዚሁ ሲባል ቤት ቀረ። ጀበናዋን እማዬ በጋቢዋ ጠቅልላ ራሷ ያዘች።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ፣ ማርች 26 ሌሊት፣ ባልቲሞር ላይ መርከብ ገጭቶት የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ወደቀ። ድልድዩ ላይ ጉድጓድ ሲደፍኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። እንደኛው ለእንጀራ ከሌላ አገር የመጡ፣ ሌሊት የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። እማዬ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብላ አለቀሰችላቸው። እኛ ደግሞ ሐሙስ ዕለት ወደ ኦሽን ሲቲ ለመድረስ ቤይ ብሪጅ የሚባለውን ድልድይ መሻገር አለብን። ከአራት ማይል በላይ ነው፤ መሀሉ ላይ ሲደርስ መርከብ በሥሩ እንዲያልፍ ሽቅብ ይወጣል። መንዳቱን ለሚፈሩ ሰዎች በክፍያ መኪናቸውን የሚያሻግሩላቸው ሹፌሮች እንኳ አሉ። ስንደርስ የ12 ዓመቷ ልጄ «አባዬ፣ ይሄኛውስ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። እማዬ ከኋላ «በሉ አባታችን ሆይ በሉ» አለች። እሱን እየደገምን ተሻገርን።

እማዬ ጣና ላይ ጀልባ ተሳፍራ ታውቃለች። ስለዚህ ባህር ስላት ጣናን ነበር የምታስበው። አሸዋው ላይ ቆማ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ማዶው የት አለ?» አለች። ልጄ ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታ «ማዶው ፖርቱጋል ነው» አለቻት። እማዬ ጎንበስ ብላ ጣቷን ነከረችና ቀመሰችው። «ጨው!» አለች። «ይሄ ሁሉ ጨው! እኛ በልጅነታችን አንዲት አሞሌ ስንት ጊዜ እየቆጠብን...»

ስንስቅ የ6 ዓመቱ ልጄ ጫማውን አውልቆ ሮጦ ገባ። ጉልበቱ ድረስ ብቻ ነው የገባው። ማዕበሉ ግን መታውና ጣለው፤ ሲመለስም አሸዋውን ከሥሩ እየጠረገ ይዞት ሄደ። በጫማዬ ገብቼ በጃኬቱ ኮፍያ ያዝኩት። ከአምስት ሰከንድ አይበልጥም። የውሃው ቅዝቃዜ ግን እግሬን እንደ ቢላ ቆረጠኝ። ዞር ብዬ ሳይ ላይፍጋርድ፣ ዋናተኛ የሚጠብቅ የሚባል የለም። የሚጀምሩት በሜይ መጨረሻ፣ በሜሞሪያል ዴይ እንደሆነ ያወቅኩት ማታ ነው። በማርች ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች ነው፤ ዋናተኛም ቢሆን አቅሙ ቶሎ ይከዳዋል። ይህን የምጽፈው ልጅ ላላችሁ ነው። ሳትደርሱ፣ መኪና ውስጥ እያላችሁ፣ «ውሃው ይታያል እንጂ አይገባበትም» ብላችሁ ቁርጡን ንገሯቸው። እኔ አልነገርኩትም ነበር። ከዚያ በኋላ እጁን አለቀቅኩም፤ እሱም አሸዋ ሲቆፍር ዋለ፣ ደስ አለው።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ከእንቅልፌ ስነቃ እማዬ አልጋዋ ላይ የለችም። ደነገጥኩ። በረንዳው ላይ ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ፣ ዳዊቷን ይዛ ቆማለች። እዚያ የባህር ዳርቻ ላይ አትላንቲክ በምሥራቅ ነው። ወደ ምሥራቅ ዞራ ስትጸልይ ባህሩ ፊት ለፊቷ ነው፤ ፀሐይዋ ከውሃው ውስጥ ቀይ ሆና ቀስ እያለች ወጣች። ብርሃኑ መጀመሪያ የነጠላውን ጥለት ነካ፣ ከዚያ ፊቷን። እኔ ከመስተዋቱ በስተጀርባ ቆሜ አሜን አልኩ። 20 ዶላሯ ለዚህ ነበረች።

ረፋዱ ላይ አሳቲግ ደሴት ሄድን። ከኦሽን ሲቲ ብዙም አይርቅም፤ በ1933 የመጣ ማዕበል ነው ሁለቱን የለያያቸው። መግቢያው በመኪና 25 ዶላር ነው፤ ለሰባት ቀን ያገለግላል። ደሴቱ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች አሉ። እማዬ የፈረስ አገር ሰው ናት። ስታያቸው ፊቷ ሌላ ሆነ። «ጌታ የላቸውም? ማን ያበላቸዋል?» አለች። የፓርኩ ጠባቂ ሬንጀሯ 40 ጫማ፣ ማለትም የአንድ አውቶብስ ርዝመት ያህል ራቁ አለችን፤ ይረግጣሉ፣ ይነክሳሉ። ሆዳቸው ለምን እንደተነፋ እማዬ አስጠየቀችኝ። የሚግጡት የረግረግ ሣር ጨዋማ ስለሆነ ውሃ አብዝተው ይጠጣሉ፣ እሱ ነው የሚነፋቸው አለችን። እማዬ ሰማች። ከዚያ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባትን አንዷን በአገጯ እያመለከተች «ይቺ ግን የውሃ አይደለም፤ ጡቷን እዩ» አለች።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቦርድዎክ ላይ፣ ባህሩ ዳር ባለው የእንጨት መሄጃ ላይ ወጣን። እዚያ ከ1929 ጀምሮ ድንች ጥብስ የሚሸጥ ትራሸርስ የሚባል ቤት አለ። እማዬ «በምንድን ነው የሚጠብሱት?» አለች። በኦቾሎኒ ዘይት ነው። ካቻፕ የላቸውም፤ ጨውና ኮምጣጤ ብቻ ነው የሚያደርጉበት። ጾማችን ላይ ልክ ለእኛ የተሠራ ይመስል ነበር። ትልቁን ባልዲ ገዝተን፣ ነፋሱን በጀርባችን አድርገን፣ አምስታችንም እጃችንን እየከተትን በላን። ባለቤቴ አንድም ቀን እንዲህ ተቀምጠን አናውቅም አለች። እውነቷን ነበር። ጁላይ ላይ ስንሯሯጥ ነው የዋልነው።

የእማዬ መመለሻ በሜይ መጨረሻ ነበር። ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ከመሄዷ በፊት ምን እንዳሳያት እንደምትፈልግ ስጠይቃት ዋሽንግተንን አላለችም፤ «ፈረሶቹን» አለች። አንድ ማለዳ ለደርሶ መልስ ተነሳን። ረግረጉ ዳር ያቺ ባለ ነጭ ግንባሯ ቆማለች፤ ከጎኗ እግሮቹ ገና ያልጠኑ ውርንጭላ ይጠባል። እማዬ ማንም ሳይነግራት 40 ጫማዋን ጠብቃ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለችና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት።