33 ይላል፣ ጫጩቶቼ ግን በርዷቸዋል

ድሬዳዋ ሳቢያን እያለሁ ጫጩት ሳሳድግ ብርድ የሚባል ነገር አሳስቦኝ አያውቅም። ግንቦት ላይ ክፍሉ ራሱ ምጣድ ነው። አንዲት አምፖል ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትበቃኝ ነበር። አምና ሥራ ወደ ሐረር ወሰደኝና ጓዜን ጠቅልዬ የደንገጎን ዳገት ወጣሁ። ከ1,200 ሜትር ገደማ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ። መንገዱ ቅርብ ነው፣ ለጫጩት ግን ሌላ አገር ነው። ይሄ የገባኝ ታኅሣሥ ላይ 100 የአንድ ቀን ጫጩቶች ባስገባሁ ማግስት ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት 11 ሞተዋል።

የሚያናድደው ደግሞ ሙቀት እየለካ አምፖል የሚያበራና የሚያጠፋ ቴርሞስታት ነበረኝ። ከድሬ ታይዋን ገበያ የገዛኋት፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ናት። ቁጥር ታሳያለች፣ በቀጭን ገመድ ጫፍ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር አላት። ሁለት ባለ 250 ዋት ቀይ አምፖሎች አገናኝቼባት 33 ላይ ሞልቼ ተኛሁ። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሱለት ይሄዳሉ። ስለዚህ 33 ልክ ነበር። ጠዋትም ቁጥሩ 33 ይላል። ጫጩቶቹ ግን ጥግ ላይ ተደራርበው ይንጫጫሉ።

አከራዬ አዴ በሩ ላይ ቆመው አዩና፣ "ልጄ፣ ይሄ ዕቃህ የማንን ሙቀት ነው የሚለካው?" አሉኝ።

ሴንሰሩን ሚስማር ላይ የሰቀልኩት ደረቴ ላይ በሚደርስ ቁመት ነበር። ለማየት እንዲመቸኝ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ሲሚንቶው ላይ ይተኛል። እኔ ደረት ጋ 33 ሲሆን ወለሉ ላይ ያለውን ቆይቼ በሌላ ቴርሞሜትር ስለካው 24 ነበር። መሣሪያዋ አልዋሸችም። ያለችበትን ቦታ ነው የነገረችኝ።

እዚህ ላይ ካውያ ያስታውሱ። ካውያው ሲግል መብራቱ ጠፍቶ ቀጭ ይላል፣ ሲበርድ ይበራል። ውስጡ ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበት ዝርግ ነገር አለ። ሲሞቅ አንደኛው ከሌላኛው ይበልጥ ስለሚለጠጥ ዝርጉ ይጎብጥና መስመሩን ይቆርጣል። የእኔዋ በብረት ፋንታ ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ መቋቋሟ የሚቀንስ ቅንጣት አላት፣ ሥራው ግን ያው ነው። ማብራትና ማጥፋት። በቃ። አምፖሉ 500 ዋት ከሆነ 500 ዋት ነው። ወንድሜ ይሄን ሊቀበል አልቻለም። "ቶሎ እንዲሞቅ" ብሎ 45 ላይ አድርጎልኝ ሄደ። ክፍሉ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጠነም። ልዩነቱ 33 ሲደርስ አለመጥፋቱ ብቻ ነው። ደግነቱ ደረስኩ።

ታዲያ ሴንሰሩን አወረድኩት። ከሰጋቱራው ሁለት ጣት ከፍ አድርጌ፣ የጫጩት ጀርባ በሚደርስበት። አሁን ልክ መጣሁ አልኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄጄ ሳይ አምፖሎቹ ጠፍተዋል፣ ቁጥሩ 37 ይላል፣ ክፍሉ ደግሞ ብርድ ነው። ምን ሆነ? ጫጩቶቹ ሴንሰሩ ላይ ተከምረውበታል! የዶሮ ሰውነት ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሆነ መሣሪያዋ "ሞቀ" ብላ አጠፋች። አምፖሉ ሲጠፋ ይበርዳቸዋል፣ ሲበርዳቸው የበለጠ ይከመራሉ፣ ሲከመሩ የበለጠ ታጠፋለች። ብቻዬን ሳቅኩ፣ ከዚያ አዘንኩ። የውሃ ፕላስቲክ ቆርጬ፣ ዙሪያውን በምስማር በስቼ፣ ሴንሰሩን ውስጡ አስገባሁትና ከአምፖሉ ቀጥታ ብርሃን ዞር አድርጌ አሰርኩት። አየር ይገባዋል፣ ጫጩት አይደርስበትም።

ሦስተኛው ጣጣ የራሴ ጉጉት ነው። መሣሪያዋ ላይ በማብራትና በማጥፋት መካከል ያለውን ልዩነት መምረጥ ይቻላል። እኔ 0.1 ዲግሪ አደረግኩት። ቁጥሩ ሳይነቃነቅ ሲቆም ደስ ይላላ። ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። የእነዚህ አምፖሎች ሽቦ ቀዝቃዛ ሲሆን መቋቋሙ ትንሽ ነው፣ በበሩ ቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባሉ። መሣሪያዋ ውስጥ መስመሩን የምትዘጋና የምትከፍተው ትንሿ ሪሌ ይሄን ስንት መቶ ጊዜ ትችለዋለች? በስድስተኛው ቀን ሁለቱ ከንፈሮቿ ተበየዱ። ቁጥሩ 39፣ የመሣሪያዋ መብራት "አጥፍቻለሁ" ይላል፣ አምፖሉ ግን እንደበራ ነው። ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ግድግዳው ሥር ተለጥፈዋል። ሦስት ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ልዩነቱን 1.5 አደረግኩት። ጫጩት አንድ ዲግሪ ወዲያ ወዲህ ብትል ምንም አትሆንም። ለአምፖሎቹ ኮንታክተር የሚባለውን ጠንካራ ትልቅ ሪሌ ገዛሁ፣ ትንሿ ሪሌ የምታዘው እሱን ብቻ ሆነ። በተጨማሪ ሌላ ቴርሞስታት በዚያው መስመር ላይ ተከታትሎ ገባ፣ 37 ላይ የተሞላ። የመጀመሪያዋ ብትጣበቅ ሁለተኛዋ ትቆርጣለች። የኤሌክትሪክ ባለሙያው "ሁለት ምን ያደርግልሃል?" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

መብራት ሲጠፋ ይሄ ሁሉ ዋጋ የለውም። የፈላ ውሃ በጀሪካን ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ መሃላቸው ላስቀምጥ ለመድኩ። ከሰል አስገባ ያሉኝ ነበሩ። በተዘጋ ክፍል ከሰል ሰውንም ጫጩትንም ይገድላል፣ አላስገባሁም።

የአዴ ቤት ግድግዳ ድንጋይ ነው፣ ውፍረቱ ክንድ ያክላል። ቀን ቀን ሙቀቱን ይይዝና እስከ ምሽት ይለቀዋል፣ አምፖሉ እምብዛም አይበራም። ሊነጋጋ ሲል ግን ግድግዳው ራሱ ሙቀት ይስባል። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ ከንጋት በፊት ጫጩቶቹን ማየት ጀመርኩ። ተከምረው ከሆነ በርዷቸዋል፣ ሸሽተው ከሆነ ሞቋቸዋል፣ በአንድ ወገን ብቻ ከተሰበሰቡ በሌላው ወገን ነፋስ ይገባል። ተበታትነው ከተኙ እኔም ተመልሼ እተኛለሁ።

በነገራችን ላይ ቴርሞስታት ከጥንት ጀምሮ የዶሮ ነገር ነው። ሆላንዳዊው ኮርኔሊስ ድሬበል በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንቁላል መፈልፈያ ምድጃ ሠርቶ ሙቀቱ ሲጨምር ሜርኩሪ እየተገፋ የእሳቱን አየር እንዲዘጋ አድርጎ ነበር። የክፍል ሙቀት የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪኩ ግን የአሜሪካዊው ዋረን ጆንሰን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ፓተንት ያወጣበት። ይሄን ለአዴ ስነግራቸው "እና ያ ሰውዬ ሴንሰሩን የት ሰቀለው?" አሉ።

86ቱ አደጉ። በአምስተኛው ሳምንት አምፖሎቹን ነቀልኩ። እህቴ ሳቢያን ጫጩት ጀምራለችና መሣሪያዋን ይዛት ወረደች። እዚያ ማሞቅ አያስፈልግም። ከቅንብሩ ውስጥ ኤች (ማሞቅ) የሚለውን ፊደል ወደ ሲ (ማቀዝቀዝ) ቀይረን፣ በአምፖሉ ፋንታ ቬንትሌተር ሰካንላት። ግንቦት ላይ ደወለች፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ጀምሮ አንዴም አልጠፋም አለችኝ።